ለብ ያለ ውሃ ለምጥ

የምጥን ሕመም የሚያቀሉ ነገሮች አሉ። አንዱ ለብ ያለ ውሃ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል ኦዳን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፒቲቪዬ ሆስፒታል ገንዳ ያስገቡት ሕመም እንዲያስታግስ እንጂ ውሃ ውስጥ ለማዋለድ አልነበረም። አንዳንዶቹ እናቶች ግን ሳይወጡ እዚያው ተገላገሉ። ሐኪሙም ልምዳቸውን በ1983 «ዘ ላንሴት» ላይ አሳተሙ።

ዛሬ በብሪታንያ በአዋላጆች የሚመሩ ብዙ ማዋለጃዎች ገንዳ አላቸው። ውሃው እስከ እናቲቱ ደረት ይደርስና የሆዷን ክብደት ይሸከምላታል። ስትፈልግ ትንበረከካለች፣ ሲደክማት ጠርዙን ተደግፋ ታርፋለች። አዋላጇ በየሰዓቱ ሙቀቱን እየለካች ከ37.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ትጠብቃለች፤ የፅንሱንም የልብ ምት ውሃ በማይጎዳው መሣሪያ ታዳምጣለች። ሕፃኑ እንደወጣ ፊቱ ከውሃው በላይ ይደረግና እናቱ ደረት ላይ ያርፋል።

በምጥ መጀመሪያ ደረጃ ውሃ ውስጥ መቆየት በጀርባ የሚሰጥ ማደንዘዣ የመጠቀምን ፍላጎት እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ግን መውለዱ ራሱ ከውሃ ውጭ እንዲሆን ይመክራል። መንታ ላረገዘች ወይም ምጧ ያለጊዜው ለመጣባት ሴትም ገንዳው አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም።

እኔ ከሁሉ የምወድለት ለእናቲቱ የሚሰጣትን ነፃነት ነው። ገንዳ ውስጥ ያለችን ሴት ማንም እንደፈለገ አያገላብጣትም፤ ሐሳቧን ከቀየረችም ወጥታ ሌላ ማስታገሻ መጠየቅ ትችላለች። የወሊድ ዕቅድ የምታወጣ ሴት ገንዳ መኖሩን ብቻ ሳይሆን በውሃ ማዋለድ የሠለጠነች አዋላጅ መኖሯንም አስቀድማ ትጠይቅ።