ጠራጊ ተብሎ የሚገዛው ዓሣ

ሜልበርን፣ ዌስት ፉትስክሬይ ቤቴ ድረስ መጥቶ የዓሣ ጫጩት የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚለኝ ይህንኑ ነው፤ «ጋሼ፣ መስታወቱን የሚያጸዳልኝ ዓሣ ፈልጌ ነበር።» እኔም ከመስጠቴ በፊት «ምን ልታበላው አሰብክ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ብዙዎችን ያስደንቃል። ብሪስልኖዝ የሚባለው ይህ ትንሽ የአምባዛ ዘመድ በሌሎች ዓሦች ትራፊና መስታወት ላይ በሚበቅለው አልጌ የሚኖር፣ ወጪ የሌለው ሠራተኛ ተደርጎ ስለሚሸጥ ነው። በዚህ እምነት ሆዱ ተሰርጉዶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ በረሃብ የሚሞተው ብዙ ነው። ላርባ የሚል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጣል ያለበት ይህን አስተሳሰብ ነው።

የዓሣው አገር ደቡብ አሜሪካ፣ አማዞንና አጎራባች ወንዞች ናቸው። በሳይንስ ስሙ አንሲስትረስ ይባላል። ገላው በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ፣ አፉ ከሥር በኩል ሆኖ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ ነው፤ ቁመቱም ከ12 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም። አልጌ ይፍቃል፣ እንጨትም ይፍቃል፤ ስለዚህ ገንዳው ውስጥ ሁልጊዜ የእንጨት ቁራጭ አኖርለታለሁ። ግን በአልጌ ብቻ አይጠግብም። ዙኪኒ፣ ዱባ፣ ኪያር፣ ለስለስ ያለ የተቀቀለ ጎመን ይበላል። ከፉትስክሬይ ገበያ የማመጣው ጎመን ለቤተሰቡ ከመሠራቱ በፊት የእነሱ ድርሻ ይነሣለታል። ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ያለበት ደረቅ መኖም እጨምራለሁ። ይህ ስፒሩሊና ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅና ሻላ አጠገብ ባለው ጪቱ በተፈጥሮ ይበቅላል።

ስለ ውሃ ብዙ ተብሏል፣ እኔ በአጭሩ ልለፈው። አዲስ ገንዳ ውስጥ የዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ ማጣሪያው ላይ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚቀንሰው ናይትሬት እስኪለውጡ ሳምንታት ያልፋሉ። ያን መጠበቅ ግድ ነው። የሜልበርን የቧንቧ ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ለዚህ ዓሣ ይስማማል፤ ክሎሪኑ ግን ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ስለሚጎዳ ማርከሻ ሳይጨመርበት ውሃው ገንዳ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ርቢው። ወንዱን የሚለየው አፍንጫው ላይ እስከ ግንባሩ የሚወጣው ቅርንጫፋማ ጺም ነው፤ ሴቷ የላትም፣ ቢኖራትም ከከንፈሯ ዳር የማያልፍ አጭር ነው። ቤት የሚመርጠው ወንዱ ነው። ቤቱ በአንድ በኩል የተደፈነ ቱቦ፣ ወርዱ አራት ወይም አምስት ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ ከክንድ ያጠረ፣ ወንዱ ሲገባበት ገላው ግድግዳውን ሊነካ ጥቂት የሚቀረው መሆን አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ለዓሣው እንዲደላው ብሎ ሰፊ ዋሻ ያስቀምጣል። ሰፊ ዋሻ ለአባት አይመችም። በጠባቡ ቤት ውስጥ ሴቷን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ እንቁላሏን እስክትጥል ይይዛታል፤ ከጣለች በኋላም በሩን በጭራው ዘግቶ ማንንም አያስገባም። ያልተቀባ የሸክላ ቱቦ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ሸካራው ግድግዳ እንቁላሉን አጥብቆ ይይዛል።

ሴቷ ጠግባ ሆዷ ሲሞላ ከገንዳው ውሃ ጥቂት ቀንሼ በመጠኑ ቀዝቀዝ ባለ ንጹሕ ውሃ እተካለሁ። በአገራቸው ዝናብ ሲገባ ወንዙ እንዲሁ ስለሚሆን ለመራባት ይነሣሣሉ። ሜልበርን በክረምት የቧንቧው ውሃ በጣም ቀዝቃዛ ነውና ልዩነቱ ከጥቂት ዲግሪ እንዳያልፍ መለካት ያስፈልጋል።

እንቁላሉ ብርቱካናማ ነው፤ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ወይን ዘለላ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ እናት ሥራዋን ጨርሳለች፣ አባት ጀምሯል። ቀንና ሌሊት በክንፉ ውሃ ያራግብበታል፣ የተበላሸውን ለቅሞ ያወጣል፣ ምግብ እንኳ ፍለጋ እምብዛም አይወጣም። ውሃው 26 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በአምስት ቀን ግድም ይፈለፈላሉ። የተፈለፈሉት ትልቅ ቢጫ ከረጢት ሆዳቸው ላይ ተሸክመው ዋሻው ውስጥ ተለጥፈው ይቆያሉ፤ ስንቃቸው እያለቀ ሲሄድ ይወጣሉ። አንዳንድ አርቢ እንቁላሉን ከአባቱ ነጥቆ በአየር ቱቦ እያናወጠ ያስፈለፍላል። እኔ አልስማማም። አባቱ ራሱ ገፍቶ ካላወጣው በቀር ከእሱ የተሻለ ሞግዚት የለም፤ ወጣት ወንድ የመጀመሪያውን ዘለላ ቢጥልም ለሚቀጥለው ይማራል። ዋሻውን እያነሱ በባትሪ ማየት ግን ልምድ ያለውንም አባት ያስበረግጋል።

የአርቢው ሥራ የሚከብደው ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ነው። ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ማደር የለበትም፤ ምግብ ሲበዛ ግን ውሃው ይበላሻል። ውሃውን እጠብቃለሁ ብሎ ምግብ የሚያሳንሰውም፣ አጠግባለሁ ብሎ ውሃውን የሚያበላሸውም እኩል ይከስራሉ። ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ ማብላት፣ ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ ውሃ መቀየር፣ ማጣሪያው እንዳይስባቸው አፉን በስፖንጅ መሸፈን፤ ሙያው ይኸው ነው። በዚህ ላይ የእህትና የወንድም ዘር እያጋቡ እንዳይዘልቁ ከሌላ አርቢ ወንድ ማምጣት ደግ ነው።

አልጌ ፋቂ ዓሣ የአማዞን ብቻ ሀብት እንዳይመስላችሁ። በኢትዮጵያ ወንዞችና ጅረቶች ጋራ የሚባል ወገን አለ፤ ከአገጩ ሥር ባለው ክብ መጣበቂያ ድንጋይ ይዞ የሚኖር፣ ከአምባዛ ሳይሆን ከካርፕ የሚዛመድ ዓሣ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አንዱን በጣና ዳር ባለው በደምቢያ ስም ሰይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሜላኒ ስቲያስኒና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ከኢትዮጵያ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ለሳይንስ አስተዋውቀዋል፤ አንዱ የጣናን ስም ይዟል። አገር ቤት ያላችሁ ወጣት አርቢዎች ከውጭ የሚመጣ ዓሣ ከመመኘታችሁ በፊት ይህን ብታጠኑት እወዳለሁ።

ጣናን ካነሣሁ አይቀር እምቦጭ የሚባለውን የውሃ አረምም ላንሣ። እሱም አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ዓለምን ያዳረሰው ሰዎች ለአበባው ውበት ብለው ከቦታ ቦታ ስለወሰዱት ነው። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። እዚህ አውስትራሊያም የብሪስልኖዝ ትልልቅ ዘመዶች ከቤት ገንዳ ወጥተው በኩዊንስላንድ ወንዞች ተራብተዋል። ስለዚህ እናንት ጫጩት የምትወስዱ ሁሉ፣ ዓሣው ቢበዛባችሁ ወይም ቤት ብትቀይሩ ማሪቢርኖንግ ወንዝም ሆነ ስቶኒ ክሪክ አትልቀቁት፤ ሕጉም ይከለክላል። ለሌላ አርቢ ስጡት፣ ወይም ወደ እኔ መልሱልኝ፤ በሬ ክፍት ነው።