የነሐሴ ጥራዝ

ደብተሩ ቁመቱ 17.5፣ ወርዱ 12.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት የዋንዛ ገበታ፣ ስምንት ጥራዝ ወረቀት፣ ሰም የጠጣ የጥጥ ክር፤ ሌላ ነገር የለበትም። ኮላ አልነካውም። ጀርባው አልተሸፈነም፤ አራት የክር መስመሮች ሹሩባ መስለው ከፊተኛው ገበታ እስከ ኋለኛው ተሻግረዋል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የፈለጉት ገጽ ላይ ቢገልጡት ዝርግ ብሎ ይተኛል። በክርን መጫን የለም።

የሠራችው የእህቴ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 24 ነው። የኮንትራት ሥራዋ ሐምሌ ላይ አለቀና ነሐሴን ሙሉ ለአዲስ ነገር ሰጠችው። ክራር ጀመረች፣ ዳንቴል ያዘች፣ ዳቦ ደፋች። ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዳንቴሉ የስኒ ማስቀመጫ ሊያክል ሲል ቆመ። ዳቦው ደኅና ነበር፤ ተበላ። የጸናችው ደብተር መስፋት ላይ ነው። መነሻው ቀላል ነበር፤ የየዕለት ሐሳቧን የምትጽፍበት የገዛችው ደብተር መሃሉ እየተነቀለ አስቸገራት። በኮላ ብቻ የተያያዘ ደብተር በተገለጠ ቁጥር ጀርባው ይታጠፋል። ኮላው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቅጠሉም ይረግፋል።

ወረቀቱን በትልቁ ነው የገዛችው፤ 70 በ100 ሳንቲ ሜትር። አራት በአራት ሲከፈል እያንዳንዱ 25 በ17.5 የሆነ 16 ቁራጭ ይወጣዋል። አራቱ ተደራርበው ከመሃል ሲታጠፉ አንድ ጥራዝ፣ ማለትም ስምንት ቅጠል ይሆናሉ። ሁለት ትልልቅ ወረቀት ስምንት ጥራዝ ሰጣት፤ ብጣሽ አልተረፈም። በብራና መጻሕፍትም አንድ ጥራዝ ብዙ ጊዜ ስምንት ወይም አሥር ቅጠል ነው።

የቢሮውን ኤፎር ለምን እንዳልተጠቀመች ጠይቄያት ነበር። ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ ቃጫው በአንድ አቅጣጫ ይተኛል። በኤፎር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በረጅሙ ጎን ነው። ለሁለት ሲታጠፍ እጥፋቱ ቃጫውን አግድም ይሰብረዋል፤ ገጹም ይነሣል፣ አልተኛም ይላል። ቃጫው ከደብተሩ ጀርባ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ግን ቅጠሉ በራሱ ክብደት ይወድቃል። ለመለየት ከወረቀቱ ጥግ ጥቂት መቅደድ ይበቃል፤ በቃጫው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ፣ በአግድሙ ተጣሞ ይቀደዳል። ሻጩ ቆሞ እያየ ወረቀት መቅደድ ድፍረት ይጠይቃል። እሷ አላት።

መስመሩን ለማየት ደብተሩን ወደ መስኮቱ ማዘንበል ያስፈልጋል። ቀለም የለውም። ጫፉ በደነዘ ወስፌና በማስመሪያ ተጭኖ የተሰመረ ነው፤ በአንዱ ገጽ ጎድጉዶ፣ በሌላው አብጦ ይታያል። ጸሐፍት ብራና የሚያሰምሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከላይ 2፣ ከታች 3.5 ሳንቲ ሜትር ኅዳግ ትታለች፤ በመካከሉ በ7.5 ሚሊ ሜትር ርቀት 17 መስመር አለ። የግርጌው ኅዳግ መስፋቱ ትክክል ነው። አውራ ጣት የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ጽሑፉም ወደ ታች የሚወርድ አይመስልም።

አሰፋፉን የተማረችው ከአንድ ዳዊት ነው። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ መሪጌታ የብራና ዳዊታቸውን አውጥተው አሳዩአት። እንደ ብዙ የዘወትር ዳዊቶች ገበታው ቆዳ ስላልለበሰ ስፌቱ ሁሉ ይታያል። የፊተኛው ገበታ አንድ ጊዜ ከአናቱ እስከ ግርጌው ተሰንጥቆ ኖሯል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ ተነድሎ በጅማት ተሰፍቷል። ገበታ የሚጠረበው የእንጨቱ ዘር ወደ ቁመቱ እንዲሄድ አድርጎ ስለሆነ፣ ሲሰነጠቅም ወደ ቁመቱ ነው። መሪጌታ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ቀስ ብለሽ ቁጠሪው፣ ልጄ» አሏት። የቆጠረችው ቀዳዳውን ነው፤ አራት፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣመሩ።

በእሷ ደብተር ቀዳዳዎቹ ከአናት ሲለኩ 2.5፣ 6፣ 11.5 እና 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ናቸው። የመጨረሻው ከግርጌው 2.5 ይርቃል። አራቱንም ከካርቶን በተቆረጠ አንድ መለኪያ ወስዳ በስምንቱም ጥራዝ እጥፋት ላይ በወስፌ በስታለች። መለኪያው ላይ አናቱን የሚያሳይ ምልክት አለ። ያለ ምልክቱ አንዱ ጥራዝ ተገልብጦ ይበሳል፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት ካለም ጀርባው ላይ ስፌቱ ይዛነፋል። አልተዛነፈም። ከአናት ወደ ታች ሳየው አራቱም መስመሮች ቀጥ ያሉ ናቸው።

ክሩ የሽሮ ሜዳ ፈትል ነው። ሁለቱን ገምዳ በጧፍ ሰም ላይ ደጋግማ ስባዋለች። ሰሙ ክሩ እንዳይዘረዘርና ከወረቀቱ ጋር እንዳይፋተግ ያደርገዋል፤ ጠበቅ ካለበትም እንዳይላላ ይይዘዋል። ለእያንዳንዱ ጥንድ ቀዳዳ አንድ ክር አለ፤ በሁለቱ ጫፎቹ ሁለት መርፌ። ሁለቱም መርፌዎች ወደ ጥራዙ ውስጥ ይገባሉ፣ በእጥፋቱ ላይ ይተላለፋሉ፣ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ይወጣል። ከዚያ እያንዳንዱ መርፌ ከታችኛው ጥራዝ ስፌት ሥር ተሹለክልኮ ወደሚቀጥለው ይወጣል። ጀርባው ላይ ሹሩባውን የሚሠራው ይህ ነው። ከጥንታዊው የግብጽ ኮፕቶች ጥራዝ ጋር አንድ ወገን ነው። የጥራዙን መሃል ገልጬ ሳየው በጥንዶቹ ቀዳዳዎች መካከል ሁለት ክሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ በሌላው ላይ አልወጣም።

ክር አሳሳብ ላይ ብዙ ጀማሪ ወረቀት ይቀዳል። ክሩ ወደ ውጭ ከተሳበ ቀዳዳውን ይሰነጥቀዋል፤ መሳብ ያለበት ከእጥፋቱ ጋር ትይዩ ነው። ከስምንቱ ጥራዝ የተሰነጠቀ ቀዳዳ ፈልጌ አጣሁ። ሌላው ነገር ውፍረቱ ነው። በየጥራዙ ክር ስለሚገባ ጀርባው ከአፉ መወፈሩ አይቀርም። እሷ ከመስፋቷ በፊት እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጣ፣ ክሩንም አቅጥና ልዩነቱን አጥብባዋለች። ሁለቱ ገበታዎች ለዓይን ትይዩ ናቸው።

ገበታው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ከአንድ የቤት ዕቃ ሠሪ የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ነው። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመጥረብም አያስቸግርም። ክሩ ወደ ገበታው የሚገባው በውፍረቱ በኩል ነው። ቀዳዳው ተንጋዶ ተበስቶ በውስጠኛው ፊት ይወጣል። ክሩ የሚተኛበት ቦይም ስለተፈለፈለለት ጣት ሲያልፍበት እብጠት አይገኝም። ገበታው ከወረቀቱ እኩል ነው፤ እንደ ዛሬ መጽሐፍ ሽፋን ወጣ አይልም። በብርጭቆ ወረቀት ታሽቷል፣ ቫርኒሽ አልተቀባም።

ቅር የሚለኝ አፉ ነው። በምላጭ ሲስተካከል ብረቱ ቆም ቆም ያለበት ቦታ ቀጭን እርከን ትቷል። በብርጭቆ ወረቀት ቢሞረድ ይጠፋ ነበር። ቆዳ ለምን እንዳላለበሰችው ስጠይቃት፣ «ስፌቱ ይታይ ብዬ ነው፣ አክስቴ» አለችኝ። ልክ ናት ብዬ አስባለሁ። ድጉስ ያማረ የሚሆነው ብረቱን አግሎ ሐረጉን በቆዳው ላይ የሚያትም እጅ ሲኖር ነው።

ኮላ አለመኖሩ ሌላም ጥቅም አለው። ክሩ ሲያረጅ ይፈታል፣ ቅጠሉ ሳይጎዳ እንደገና ይሰፋል። አድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ብራና፣ በካርቦን ምርመራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ የተዘጋጀ ነው። ጥራዛቸው ከአንድ ጊዜ በላይ ተፈትቶ ተሰፍቷል።

የደብተሩ ሁለት ጥራዝ ተኩል ያህል ተጽፏል። የታክሲ ሰልፍ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር ዝናብ፣ የሽንኩርት ዋጋ፣ የክራር መምህሯ አባባል። ስለ ስፌቱ የጻፈችው ጥቂት ነው፤ መጠንና የክር ርዝመት ብቻ።

አሁን ማኅደር ልትሠራለት ቆዳ ይዛለች። ያስቸገራት ልኩ ነው። ርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ ዝናብ ደግሞ መድረቂያው ቀን አይታወቅም። ሦስት ሚሊ ሜትር ትርፍ ትተዪለት ብያታለሁ። እሷ ሁለት ይበቃል ትላለች።