የብራና ካርድና ቃላቱ፦ ስለ «ልዩ ስብስብ» አማርኛ የቀረበ ሂስ

በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት «ልዩ ስብስብ» በሚባለው ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ከሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ይልቅ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የቀረበ ነው። የታተመ መጽሐፍ የሚመዘግብ ሰው ርእሱን፣ የደራሲውን ስምና የታተመበትን ዘመን ከመጽሐፉ ይቀዳል። በልዩ ስብስቡ ባለሙያ ፊት የሚቀመጠው ግን ብዙ ጊዜ ርእስ የሌለው፣ የባለቤቱ ስም የተፋቀበት፣ ዘመኑም በሌላ አቈጣጠር የተነገረ ብራና ነው። ብራናውን ከተመራማሪ ጋር የሚያገናኘው ባለሙያው በካርድ ላይ የሚያሰፍረው ጥቂት ቃል ነው። ቃሉ ከሳተ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ እያለ ጠፋ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህንኑ የካርድ አማርኛ ነው።

ከስያሜው እንጀምር። «ልዩ ስብስብ» ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። «ስብስብ» ነገሮች በአንድነት መገኘታቸውን ይናገራል እንጂ ተመርጠውና ተጠብቀው መያዛቸውን አይናገርም፤ «ልዩ» የሚለውም ከምን እንደ ተለዩ አይገልጽም። ሆኖም ስያሜው ይሻር አንልም። ቃል በጉድለቱ ብቻ እንደማይሻር በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ምስክር ነው። ሕዝቡ የስሙን ፊተኛ ክፍል ትቶ «ወመዘክር» ብሎ ጠራው። ግእዝ የቀመሰ ሁሉ ይህ «እና መዘክር» ማለት መሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን ስሙ ቦታውን ለይቶ ስለሚያሳውቅ ማንም መንገድ አልሳተበትም። ስለዚህ መለኪያችን የቃሉ ማማር አለማማር ሳይሆን አንባቢን ማሳሳት አለማሳሳቱ ይሆናል።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የካርዱ ዋና ችግር የባዕድ ቃል መብዛት አይደለም። ችግሩ አንድ አገርኛ ቃል በሁለት ሙያ ሁለት ትርጕም ይዞ መገኘቱና ካርዱ በየትኛው ሙያ እንደሚናገር አለመግለጹ ነው። «ጥራዝ»ን እንውሰድ። በብራና ጸሐፊዎች ዘንድ ጥራዝ ታጥፈው እርስ በርስ ተደራርበው በአንድነት የሚሰፉ ጥቂት ቅጠሎች ናቸው፤ አንድ መጽሐፍ የሚሠራው ከብዙ ጥራዝ ነው። በማተሚያ ቤት አማርኛ ግን ጥራዝ ራሱን የቻለ አንድ የመጽሐፍ አካል ነው። ካርዱ «15 ጥራዝ» ቢል ተርጓሚው 15 መጻሕፍት አድርጎ ይተረጕመዋል፤ ንብረት ቈጣሪውም አንድ መጽሐፍ ብቻ ሲያገኝ 14ቱ ጠፍተዋል ብሎ ይጽፋል። «ቅጠል» እና «ገጽ» ሲቀላቀሉም ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው። 120 ቅጠል 240 ገጽ ነውና፣ አንዱ በሌላው ቦታ ከተጻፈ ከመጽሐፉ ግማሹ በወረቀት ላይ ይጠፋል፤ ወይም የሌለ ግማሽ ይጨመርለታል።

«ማኅደር»ም እንዲሁ ነው። በጥንቱ ሙያ ማኅደር መጽሐፉ የሚገባበት፣ በጠፍር የሚንጠለጠል የቆዳ ማደሪያ ነው። በጽሕፈት ቤት አማርኛ ደግሞ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ጉዳይ ወረቀቶች የሚጠበቁበት አቃፊ ነው። ልዩ ስብስብ ብራናንም የታላላቅ ሰዎችን ደብዳቤዎችም በአንድ ጣራ ሥር ስለሚይዝ፣ ሁለቱ ማኅደሮች በአንድ ካታሎግ ውስጥ ይገናኛሉ። «ማኅደር አለው» የሚለው ካርድ ስለ ቆዳው ይሁን ስለ ደብዳቤው አንባቢው በምን ይወቅ?

ከሁሉ የሚከፋው የዘመን ስም ነው። «ዓመተ ዓለም» ብዙ አያስቸግርም፤ 7265 ከሚለው 5500 ሲቀነስ 1765 ዓ.ም. ይገኛል። «ዓመተ ምሕረት» ግን በጥንት ብራናዎች ብዙ ጊዜ በ532 ዓመት የሚዞረውን ዐውደ ቀመር መሠረት አድርጎ የሚቈጠር ነው። «በ300 ዓመተ ምሕረት ተጻፈ» የሚል ብራና የተጻፈው በዛሬው 300 ዓ.ም. አይደለም፤ ዐውዱ እ.ኤ.አ. በ1348 የጀመረው ከሆነ ወደ 1648 ገደማ ያደርሰናል። ባለሙያው ቃሉን እንዳለ ቀድቶ ካለፈ ቅጂው ታማኝ ይሆናል፤ ዘመኑ ግን ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ይስታል።

የተርጓሚው ድርሻም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ታላቅ ሥራ ተጀምሮ፣ ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የደከሙባቸው የካታሎጉ ጥራዞችም በእንግሊዝኛ ታትመዋል። ይህ ሥራ ለእኛ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ቃላችን በባዕድ ልብስ ወጥቶ በዚያው ልብስ ሲመለስ እናያለን፤ «ቅጠል» እያለ «ፎሊዮ»፣ «ሐረግ» እያለ «የገጽ ራስ ጌጥ»፣ «ድጉስ» እያለ «ማኅተም ያለበት የቆዳ ሽፋን» ይባላል። ማይክሮፊልም፣ ካታሎግ፣ ካርድ የሚሉትን መተካት ይገባል አንልም፤ ነገሩ ከነስሙ መጥቷልና። ነገሩም ስሙም ከዚህ የተወለደውን ግን እንደ እንግዳ መቀበል ንፉግነት ነው።

«ልዩ ልዩ ማስታወሻ» የሚለው የካርድ ሐረግ ደግሞ ከባድ ጥፋት ይሸፍናል። በብራና ባዶ ቅጠሎች ላይ የተጻፈው አንድ ዐይነት ነገር አይደለም። መጽሐፉን ለደብሩ ማን እንደ ሰጠ የሚናገር የስጦታ ቃል፣ የርስትና የጕልት ውል፣ በሰራቂውና በፋቂው ላይ የተነገረ ውግዘት ይገኝበታል። በወንጌል ብራናዎች ላይ የመሬት ስጦታ መመዝገብ የቈየ ልማድ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ብራናው ተሰርቆ በባዕድ ገበያ ቢገኝ የማን መሆኑን የሚመሰክሩት እነዚህ ቃላት ናቸው። በካርዱ ላይ በየስማቸው ካልተጠሩ፣ ሌባው ቅጠሏን ገንጥሎ ሲጥል ማስረጃው አብሮ ይሄዳል።

የባለሙያው ስምስ ምን ይሁን? «የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ» የሚለው በር ከፋቹንም ብራና መርማሪውንም እኩል ያጠቃልላል። «ዐቃቤ መጻሕፍት» ይሻላል እንላለን። አንዳንዶች «ዐቀበ» ጠበቀ ማለት ስለሆነ ስሙ መጽሐፍን ከአንባቢ መደበቅን ያመለክታል ብለው ሊነቅፉት ይችላሉ። ነገር ግን ዐቃቤ ሕግ ሕግን በአደባባይ ይሟገትለታል እንጂ አይቈልፍበትም። ዐቃቤ መጻሕፍትም እንዲሁ የሚጠብቀው ለማስነበብ ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በካርዱ ላይ ጥራዝና ቅጠል ተለይተው ይቈጠሩ፤ ገጽ ለታተመው ይተው። ሁለተኛ፣ ዘመን በብራናው ቃል ከተጻፈ በኋላ የቀመሩ ስሌት በአጠገቡ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ የብራና ሙያ ቃላት ከፋቂው፣ ከጸሐፊውና ከደጓሹ አንደበት ተሰብስበው በመዝገበ ቃላት የሙያ ምልክት ይሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ሆነ በሌላ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራው ባለሙያ ብቻውን ይህን ሊፈጽም አይችልም፤ የቋንቋ ሊቁና ተርጓሚው ሊያግዙት ይገባል። ሙያውን በእጃቸው የያዙት ሰዎች እያነሱ በሄዱ ቍጥር ቃሉን የምንጠይቀው ሰው እናጣለን፤ ከዚያ በኋላ ብራናው ቢኖርም የክፍሎቹን ስም የሚነግረን አይገኝም።