ድምፅ መስማት ሁሉ ስኪዞፍሬኒያ ነውን? በዲሶሲየሽንና በሳይኮሲስ ዝምድና ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ሲመዘኑ

አንድ ሕመምተኛ «ሰው በሌለበት ድምፅ ይሰማኛል፤ በማደርገው ሁሉ ላይም አስተያየት ይሰጣል» ብሎ ሲናገር፣ የመርማሪው ባለሙያ ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ ወደ ስኪዞፍሬኒያ ያመራል። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ ሳይሆን ለበርካታ አሥርት ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍትና በዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ሲደገፍ የቆየ ትምህርት ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተካሄዱ የሥነ ልቦና ጥናቶች ልማዱን ብርቱ ጥያቄ ውስጥ አስገብተውታል። ስያሜው አንድን ሰው ለረጅም ዘመን መድኃኒት ሊያሳዝዝበት፣ ወይም የሚያስፈልገውን መድኃኒት ሊያስከለክለው ስለሚችል፣ እነዚህ ጥናቶች በእርግጥ ያረጋገጡትን ካላረጋገጡት መለየት ተገቢ ይሆናል።

ዲሶሲየሽን ማለት በተለመደው ሁኔታ ተያይዘው የሚሠሩት ትውስታ፣ ስሜት፣ የአካል እንቅስቃሴና የማንነት ግንዛቤ እርስ በርሳቸው ሲነጣጠሉ የሚታይ ሁኔታ ነው። ሕመምተኛው ያደረገውን ላያስታውስ፣ ራሱን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሊመስለው፣ ወይም ሌላ ማንነት በውስጡ እንደሚናገር ሊገልጽ ይችላል። ሳይኮሲስ በአንጻሩ ከእውነታ ጋር ያለ ግንኙነት የሚናጋበት ሁኔታ ሲሆን፣ የሌለ ነገር መስማትና ማየት፣ በማስረጃ የማይናወጥ የተሳሳተ እምነት እና የሐሳብ መዘበራረቅ ዋና ዋና መገለጫዎቹ ናቸው። በትርጉም ደረጃ ሁለቱ የተለያዩ ይመስላሉ። በምርመራ ክፍል ግን ድንበራቸው ይደበዝዛል።

ታሪኩም ቢሆን ድንበሩ ከመጀመሪያው ጥርት ያለ እንዳልነበረ ያስረዳል። ፈረንሳዊው ፒየር ዣኔ እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው ሥራ፣ አስደንጋጭ ገጠመኝ የአእምሮን አንድነት ሊበትን እንደሚችል አስተምሯል። ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው ዐቢይ መጽሐፍ ያብራራው ስኪዞፍሬኒያ የሚለው ስያሜ ራሱ «መሰንጠቅ» እና «አእምሮ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገነባ ነው። የብሎይለር መሰንጠቅ የሐሳቦችን ትስስር መላላት እንጂ በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው መኖርን የሚያመለክት አልነበረም። ያም ሆኖ ሁለቱ ሊቃውንት የተጠበቡት በተቀራራቢ ጥያቄ ላይ እንደነበር መካድ አይቻልም። ኋላ ላይ ጀርመናዊው ኩርት ሽናይደር «የአንደኛ ደረጃ ምልክቶች» ብሎ የዘረዘራቸው፣ ማለትም እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ወይም አስተያየት የሚሰጡ ድምፆች፣ በሌላ ኃይል የመገዛት ስሜት፣ ሐሳብ ከውጭ ገባብኝ ወይም ተወሰደብኝ ማለት እና የመሳሰሉት የስኪዞፍሬኒያ ልዩ መታወቂያ ሆነው ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1990 በጸደቀው አሥረኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባም ከእነዚህ አንዱ በግልጽ ከታየና ለአንድ ወር ከቆየ ለምርመራው መሟላት በቂ ሊሆን ይችል ነበር።

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የመጣው ከዲሶሲየሽን አጥኚዎች ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ክለፍት እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት፣ በወቅቱ «የብዙ ማንነት መዛባት» በተባለው ችግር የተመረመሩ 30 ሕሙማን በአማካይ 3.6 የአንደኛ ደረጃ ምልክቶች እንዳሏቸው አሳየ። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ የንጽጽር ቡድንም አልነበረውም። በራሱ ብቻ ቢቆም ኖሮ ብዙ ባልመዘነ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የኮክሬን ግምገማ ጉዳዩን በሰፊ መረጃ ሲመረምር ተቀራራቢ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ከ100 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን መካከል ምልክቶቹ የሚለዩት 57 ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ ሌላ ችግር ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል ደግሞ 19 ያህሉ ምልክቶቹን ያሳያሉ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ አምስተኛ የምርመራ መመሪያም ሆነ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አሥራ አንደኛው ዓለም አቀፍ ምደባ ለእነዚህ ምልክቶች የነበረውን ልዩ ክብደት ቀንሰዋል። በዚህ ነጥብ ላይ ጥናቶቹ አሳማኝ ናቸው።

ሁለተኛው የጥናት መስመር የልጅነት ጉዳትን ይመለከታል። ቫሬሴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት የ36 ጥናቶች ጥምር ትንተና እንደሚያመለክተው፣ በልጅነት ዘመን ጥቃት፣ ቸልተኝነት ወይም ተመሳሳይ መከራ በደረሰባቸው ሰዎች ዘንድ ሳይኮሲስ የመከሰት ዕድል ባልደረሰባቸው ከሚኖረው ወደ 2.8 እጥፍ ይጠጋል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናታቸው ደግሞ፣ የልጅነት ጉዳትን ድምፅ ከመስማት ዝንባሌ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ዲሶሲየሽን ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። አንድሪው ሞስኮዊትዝ፣ ኢንጎ ሼፈር እና ማርቲን ዶራሂ እ.ኤ.አ. በ2008 ያዘጋጁትና በ2019 በሁለተኛ እትም የወጣው በሳይኮሲስ፣ በሥነ ልቦና ጉዳትና በዲሶሲየሽን ላይ ያተኮረው የጽሑፎች ስብስብም የዚህ አስተሳሰብ ዋና ማዕከል ሆኗል። የስብስቡ ብርታት የተረሳውን ታሪክ ከዘመናዊ ጥናትና ከሕክምና ልምድ ጋር አንድ ላይ ማቅረቡ ነው። በሁለቱ የሕክምና ጎራዎች መካከል የቆመውን ግንብ ለማፍረስም ከማንም በላይ ደክሟል።

ይሁን እንጂ ግንብ ማፍረስ አንድ ነገር ነው፤ በፍርስራሹ ላይ አዲስ ቤት መሥራት ሌላ ነው። ጥናቶቹ የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ሁለቱን ሁኔታዎች በአንድ ጊዜ የሚለኩ በመሆናቸው የትኛው እንደቀደመ ሊነግሩ አይችሉም። ዲሶሲየሽን ድምፅን ይወልዳል ሊባል እንደሚቻል ሁሉ፣ ዘወትር ድምፅ የሚሰማ ሰው ከመከራው የተነሳ ከራሱ ይነጠላል ማለትም ይቻላል። ከዚህም የባሰው ችግር ያለው በመለኪያው ላይ ነው። በርንስታይንና ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጁት፣ 28 ጥያቄዎችን የያዘውና በእነዚህ ጥናቶች በብዛት የሚሠራበት የዲሶሲየሽን መጠይቅ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ በጭንቅላት ውስጥ ድምፅ መስማትን የሚመለከት ነው። ድምፅ መስማትን በሚጠይቅ መሣሪያ ዲሶሲየሽንን ለክቶ፣ ዲሶሲየሽን ከድምፅ መስማት ጋር ይዛመዳል ብሎ መደምደም የራስን ጥላ እንደ እማኝ መቁጠር ይሆናል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ጥያቄውን አውጥተው ማስላታቸው የሚመሰገን ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አላደረጉም።

መጠይቁ የተወለደበትን አገርም ይዞ ይጓዛል። የመጀመሪያው ጥያቄ መኪና፣ አውቶቡስ ወይም የምድር ውስጥ ባቡር ይዞ ሲሄድ የጉዞውን ከፊል የማያስታውስን ሰው ይመለከታል። ቃሉን ወደ አማርኛ መመለስ አያዳግትም። የሚያዳግተው፣ የሰው ከራስ መነጠል በሌላ ቋንቋና በሌላ ሥርዓት በሚገለጽበት ኅብረተሰብ ውስጥ ውጤቱ ምን ማለት እንደሆነ ማወቁ ነው። ለዚህ ዛር ጥሩ ምሳሌ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ተቀምጦ ያጠናውና በ1958 መጽሐፍ ያሳተመበት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አራተኛው የአሜሪካ መመሪያም ኢትዮጵያን ጠቅሶ በባህል ነክ ሁኔታዎች ዝርዝር ያሰፈረው ይህ ልማድ፣ በሌላ መንፈስ መያዝን፣ በእርሱም አንደበት መናገርን ያካትታል። በሽናይደር ዝርዝር ብቻ የሚመራ መርማሪ በሌላ ኃይል መገዛትን ቆጥሮ ስኪዞፍሬኒያ ሊል ይችላል። አሥራ አንደኛው ዓለም አቀፍ ምደባ ግን በመንፈስ የመያዝ ሁኔታ እንደ ሕመም የሚቆጠረው ያለ ሰውዬው ፈቃድ ሲመጣ፣ በአካባቢው ተቀባይነት ካለው ባህላዊ ወይም ሃይማኖታዊ ሥርዓት ውጪ ሲሆን እና ከባድ ጭንቀት ወይም የኑሮ መስተጓጎል ሲያስከትል ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ዛር የሚሉትን ሁሉ ጤናማ አያደርገውም፤ ሁሉንም በሽተኛ ማድረግንም ይከለክላል።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት «ድምፁ የመጣው ከጉዳት ነውና መድኃኒት አያስፈልግም» የሚል ድምዳሜ ላይ የሚደርስ ካለ፣ ከጥናቶቹ ቀድሞ እየሮጠ ነው። የፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች ለብዙ ሕሙማን የሚሰጡት ጥቅም በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ነው። በሌላ በኩል፣ ሳይኮሲስ ያለበትን ሰው ስለ ደረሰበት መከራ መጠየቅ ያባብስበታል የሚለው የቆየ ፍርሃትም በማስረጃ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኔዘርላንድስ 155 ሕሙማንን በዕጣ መድቦ የተካሄደ ጥናት፣ ጉዳትን በቀጥታ የሚመለከቱ ሁለት የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የሳይኮሲስ ሕመም ላለባቸውም ጠቃሚና አደጋ የሌላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። እዚህ ላይ ግን ሕክምናው በሠለጠነ ባለሙያ የተሰጠ፣ ሕሙማኑም መደበኛ ክትትላቸው ያልተቋረጠ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ታዲያ የጤና ባለሙያው ከዚህ ክርክር ለነገ ሥራው የሚወስደው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ድምፅ መስማት ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አለመሆኑን ነው። ወደ ሥነ ልቦናዊ ማብራሪያ ከመሄድ በፊት የሚጥል በሽታ፣ ትኩሳት የሚያስከትሉ ኢንፌክሽኖች፣ አልኮልና ሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች መፈተሽ አለባቸው። ሁለተኛ፣ የምልክቱ ታሪክ ከምልክቱ ስም ይበልጥ ይናገራል። ዶራሂና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳመለከቱት፣ ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ከሁለት በላይ የሆኑ እና የሕፃንም የአዋቂም ድምፅ ያላቸው መሆናቸው ከስኪዞፍሬኒያ ይልቅ በዲሶሲየሽን ሕሙማን ላይ ጎልቶ ይታያል። የትውስታ መቋረጥ መኖሩንም መጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ስለ ደረሰ ጉዳት የሚቀርብ ጥያቄ በግል ቦታ፣ በትሕትናና መልሱን ወደ ሕመምተኛው አፍ ሳያስገቡ መሆን አለበት። የተገኘው መልስም በምርመራው ላይ የሚጨመር እንጂ ምርመራውን የሚተካ አይደለም።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» እንደሚባለው፣ የዲሶሲየሽን አጥኚዎች ትልቁ ውለታ ሕክምናው ለብዙ ዘመን ያላመጠውን ትምህርት እንዲጠረጥር ማድረጋቸው ነው። የዚያው ጥርጣሬ ሚዛን በራሳቸው መጠይቅና ድምዳሜ ላይም ሲያርፍ ተጠቃሚው ሕመምተኛው ይሆናል። በካርዱ ላይ የሚጻፈው ስያሜ ከታማሚው ጋር ለዓመታት ይኖራልና፣ ከመጻፉ በፊት ታሪኩን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ የባለሙያው ግዴታ ነው።