641ን ያየ ዓይን

3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ ካለፈው ላይ 1 ቀንሶ፣ የቀረውን በራሱ አባዝቶ፣ 1 መመለስ ነው። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የሚከተሉትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው ብሎ አመነ። ስድስተኛው 4294967297 ነው፤ ሠላሳ ሁለት ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት።

የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር በሴንት ፒተርስበርግ ሳለ ወዳጁ ጎልድባኽ ስለዚህ ጉዳይ በደብዳቤ ጠየቀው። ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732፣ በ25 ዓመቱ፣ ቁጥሩ ለ641 እንደሚካፈል አስታወቀ። እንዴት ሊደረስበት እንደሚቻል ያስረዳው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። እኔን የሚማርከኝም ይኸው መንገድ ነው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። በዚህ ወንፊት ሲነፋ መጀመሪያ የሚቀሩት 193፣ 257፣ 449 እና 577 ናቸው፤ አንዳቸውም አልሆኑም። አምስተኛው 641 ነው። ከ2 ጀምሮ ብቸኛ ቁጥሮችን አንድ በአንድ የሚሞክር ሰው እዚሁ የሚደርሰው በ116ኛው ሙከራ ነው። የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር ወንፊቱ የተሠራበት ሕግ የራሱ የፌርማ መሆኑ ነው፤ ያውም የዚያው የ1640 ሥራው።

ቁጥሩ ለ641 ሲካፈል የሚገኘው 6700417 ነው፤ ወረቀት አውጥቼ ይህን በ641 አባዛሁት። 6700417 በ600 ሲባዛ 4020250200፣ በ40 ሲባዛ 268016680፣ በ1 ያው ራሱ። ሦስቱን ደመርኩ፤ 4294967297። አንዲት አሃዝ አልተዛነፈችም።

የበለጠ ያስደነቀኝ ግን ያለ ማካፈል የሚታየው ግጥምጥሞሽ ነው። 641 ሁለት መልክ አለው። አንደኛው 640 ሲደመር 1 ነው፤ 640 ደግሞ አንድ 5 ከሰባት ሁለቶች ጋር ተባዝቶ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው 625 ሲደመር 16 ነው፤ አራት አምስቶች ተባዝተው፣ አራት ሁለቶችም ተባዝተው ሲደመሩ። ሁለቱም መልኮች ከ5 እና ከ2 ብቻ የተሠሩ ናቸው።

640 ከ641 የሚያንሰው በ1 ነው፤ ስለዚህ በ641 ሚዛን፣ ማለትም ለ641 ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ ስንቆጥር፣ 640 እና ነጌቲቭ 1 እኩል ናቸው። ነጌቲቭ 1 አራት ጊዜ ሲባዛ 1 ይሆናል፤ አራት 640ዎችም ተባዝተው ለ641 ሲካፈሉ 1 ይተርፋል ማለት ነው። እነዚያን አራቱን ብንፈታቸው 625 እና ሃያ ስምንት ሁለቶች እናገኛለን። አሁን ሁለተኛው መልክ ይግባ፤ 625 ሲደመር 16 ልክ 641 ስለሆነ፣ በ625 ቦታ ነጌቲቭ 16 ይተካል። በ16 ውስጥ ያሉት አራት ሁለቶች ከሃያ ስምንቱ ጋር ሲገናኙ ሠላሳ ሁለት ይሞላሉ። ነጌቲቭ ምልክቱን ይዞ 1 ስለሚሆን፣ የሠላሳ ሁለቱ ሁለቶች ብዜት ራሱ በ641 ሚዛን ነጌቲቭ 1 ሆነ፤ ያቺ የመጨረሻዋ 1 ስትጨመርበት ምንም አይተርፍም።