ሙክቱ ሞቶ ቃጭሉ ቀረ

የእንግሊዝኛ ጋዜጣ የሚያገላብጥ የከተማ ሰው «ቤልዌዘር» የምትል ቃል ሳታጋጥመው አትቀርም። የአክሲዮን ገበያ ዘጋቢዎች አንድ ኩባንያ ሲወጣ ሌሎቹ አብረውት የሚወጡ፣ ሲወርድም የሚወርዱ ከሆነ በዚህ ስም ይጠሩታል። በምርጫ ሰሞንም የአገሩን ውጤት አስቀድሞ የሚያሳይ ወረዳ እንዲሁ ይባላል። ለመሆኑ «ዌዘር» ማን ነው? እኛ ሙክት የምንለው፣ የተኮላሸው በግ ነው። «ቤል» ደግሞ አንገቱ ላይ የታሰረው ቃጭል። ሙክቱ እያቃጨለ ይቀድማል፣ መንጋው ይከተላል። ዛሬ ቃሉን ከሚጽፉት ሰዎች ግን ሙክቱን የሚያውቁት ስንቶቹ ይሆኑ?

ከጋጣ ወጥተው ከተማ የገቡ የእንግሊዝ እረኞች ቃላት ብዙ ናቸው። ሐሳቡ የባዘነበትን ሰው «ሱፍ ይለቅማል» ይሉታል፤ ጥንት ድሆች በየእሾኹና በየቁጥቋጦው የተንጠለጠለውን የበግ ጠጉር እየዞሩ ይለቅሙ ስለነበር ነው። ጠጉሩ ከብዶት በጀርባው ተንጋሎ መነሣት ያቃተው በግ በዮርክሽር «ሪግዌልትድ» ይባላል፤ ቶሎ ካላነሡት ይሞታል። ቃሉ የቫይኪንጎቹ ቅርስ ሲሆን ዛሬ በአንድ ቢራ ስም ላይም ይገኛል። በሰሜን እንግሊዝ እረኞች በግ ሲቆጥሩ «ያን፣ ታን፣ ቴዘራ» ይሉ ነበር። አምስትን በብዙ ስፍራ «ፒምፕ» ይሉታል፤ ዌልሶች ዛሬም አምስትን የሚጠሩበት ድምፅ ነው። ሃያ ሲሞላ አንድ ጠጠር ለይቶ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው።

እንዲህ ያሉ ቃላት የሚድኑት ሲሰበሰቡ ነው ወይስ ሲሠራባቸው? እ.ኤ.አ. በ2015 የታተሙ ሁለት መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ይሰጣሉ።

የመጀመሪያው የሮበርት ማክፋርሌን «ላንድማርክስ» ነው። ደራሲው ከብሪታንያና ከአየርላንድ ልዩ ልዩ ማዕዘናት የመሬት፣ የውሃና የአየር ጠባይ ቃላትን ለቅሞ፣ በድርሰቶቹ መካከል በሙዳየ ቃላት መልክ ደርድሯቸዋል። ድርሰቶቹ ውብ ናቸው፤ ልፋቱም የሚመሰገን ነው። ሆኖም ከፍቺያቸው ጋር የተሰለፉትን ቃላት ሳነብ፣ በሙዚየም መስታወት ውስጥ የተቀመጠ የእረኛ ዱላ ይታየኛል። ዱላው አለ፤ የያዘው እጅ ግን የለም።

ሁለተኛው የጄምስ ሪባንክስ «ዘ ሼፐርድስ ላይፍ» ነው። ሪባንክስ በሌክ ዲስትሪክት ተራሮች የሚኖር በግ አርቢ ነው። መጽሐፉን በአራቱ ወቅቶች ከፍሎ የሥራውን ዓመት ይተርካል፤ ቃላቱም ከሥራው ጋር ይመጣሉ። ከሁሉ የምትልቀው «ሄፍት» የምትለዋ ናት። አጥር በሌለው የወል ተራራ ላይ አንድ መንጋ የራሱን ክልል ለይቶ ይውላል፣ ከዚያም አይርቅም። ግልገል ይህን የሚማረው ከእናቱ ነው፤ እሷም ከእናቷ። ቃሉ ይህንን ትስስር ይሰይማል። ሪባንክስም ለሰው ያውለዋል፤ እኔም እንደ በጎቼ ነኝ ማለቱ ነው። አንዳንዴ በከተማ እንግዳ ላይ ቂሙ ይበዛል፤ ቢሆንም ትረካው ያሳምናል።

በዚህ መንገድ ቀድሞት የሄደ አለ። ቶማስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው «ፋር ፍሮም ዘ ማዲንግ ክራውድ» ውስጥ፣ ባትሼባ የተባለችው ባለርስት እረኛዋን ጋብርኤል ኦክን ተቆጥታ ታባርረዋለች። ብዙም ሳይቆይ በጎቿ ለምለም ሣር በልተው ሆዳቸው ይነፋል። ጎናቸውን በትክክለኛው ስፍራ ወግቶ አየሩን የሚያስወጣ ሰው ከእሱ በቀር የለም። ኩሩዋ እመቤት እንዲመለስላት ለመለመን ትገደዳለች። የእረኛ ዕውቀት በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ የታሪኩ ሞተር ነው እንጂ ጌጥ አይደለም።

ይህ ክርክር የመጽሐፍ ቤት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን እ.ኤ.አ. 2001ን እናስታውስ። በዚያ ዓመት በብሪታንያ የአፍና የእግር በሽታ ገብቶ ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ። ክፉኛ ከተጎዱት ሥፍራዎች አንዱ ሌክ ዲስትሪክት የሚገኝበት ካምብሪያ ነበር። የሞተ በግ በገበያ በግ ይተካል። ተራራውን የሚያውቅ መንጋ ግን አይገዛም፤ አስተማሪዋ እናት ሞታለችና። «ሄፍት» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላቱ ሳይነካ ቢቀመጥም፣ መንጋው ባለቀበት ተራራ ላይ የሚሰይመው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ጊዜ የሚያጥረው አንባቢ የሪባንክስን ያስቀድም እላለሁ። የማክፋርሌንን ዝርዝር ከዚያ በኋላ ቢያነበው፣ ቢያንስ ከአንዳንዶቹ ቃላት ኋላ የበጎቹ ድምፅ ይሰማዋል።