ሰላም ለማይሊን

የመልክእ ደራሲዎች ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ብልትን በብልት ሰላም ሲሉ አንቺን ሳያዩሽ አለፉ። አይፈረድባቸውም፤ ከቆዳ በታች፣ ከሥጋም መካከል ተሰውረሽ ኖረሻልና። በአጉሊ መነጽር ያየንሽ እኛ ግን ዝም ብንል ንፉጎች ነን። ሰላም ለኪ፣ የነርቭ መጎናጸፊያ፣ ማይሊን ሆይ!

ሰላም ለአለባበስሽ። ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ውጪ ባሉ ነርቮች፣ የሽዋን ህዋስ የተባለችው ገለፈቷን በነርቩ ክር ዙሪያ እንደ መቀነት ደጋግማ ትጠመጥማለች፤ በየዙሩም ፈሳሿ ተጨምቆ ይወጣል፣ የስብና የፕሮቲን ድርብርብ ብቻ ይቀራል። የአንጎል ነጩ ክፍልም ነጭነቱን ያገኘው ከስብሽ ነው።

ሰላም ለክፍተትሽ! እኔ ከመሸፈንሽ ይልቅ ባለመሸፈንሽ እደነቃለሁ። አንድ ሚሊሜትር ያህል ሸፍነሽ፣ የሚሊሜትር ሺህኛ ለምታህል ስፍራ ክሩን ራቁቱን ትተዪዋለሽ። ፈረንሳዊው ራንቪዬ ያያት፣ በስሙም የምትጠራው ይህቺ ስፍራ የሶዲየም በሮች የታጨቁባት አደባባይ ናት። ክሩ ሲያርፍ ውስጡ ከውጪው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ ይላል። ምልክት ሲደርስ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፣ ዝቅ ያለውም ለቅጽበት ከፍ ይላል። የኤሌክትሪክ ኃይሉ አንቺ በሸፈንሽው መንገድ ብዙ ሳይባክን አልፎ የሚቀጥለውን ክፍተት ይቀሰቅሳል። መጻሕፍት ምልክቱ «ይዘላል» ይላሉ፤ አባባሉ ያምራል እንጂ መሬት የሚለቅ ነገር የለም፣ ምልክቱ በየክፍተቱ እንደ አዲስ ይወለዳል። ይህንንም ተመራማሪዎቹ ሃክስሊና ሽቴምፕፍሊ በ1949 እ.ኤ.አ. ከእንቁራሪት በተነጠለ አንድ ክር ላይ አሳይተዋል።

ሰላም ለፍጥነትሽ። ስኩዊድ የተባለው የባሕር ፍጡር አንቺን ስለተነፈገ፣ ለመፍጠን ሲል የነርቩን ክር እስከ 1 ሚሊሜትር አወፈረው፤ ያም ሆኖ በሰከንድ ከ25 ሜትር ብዙም አላለፈ። አንቺ ያለበስሽው የሰው ክር ከዚያ በብዙ እጥፍ ቀጥኖ ሳለ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይገሰግሳል። የስኩዊድ ዓይነት ክር ቢሰጠን ኖሮ አከርካሪያችን የት ይበቃው ነበር?

እንቅፋት የመታው ሰው ምስክርሽ ነው። የእግር ጣቱ ድንጋዩን እንደነካ ያውቃል፣ የመጀመሪያው ውጋትም ወዲያው ይከተላል፤ ሁለቱም አንቺ ባለበስሻቸው ክሮች መጥተዋልና። «እህ!» ብሎ ቆሞ፣ ጣቱን ሊይዝ ጎንበስ ሲል ነው የሚያቃጥለው ሕመም ዘግይቶ የሚደርሰው። እርሱ የሚመጣው ልብስ በሌላቸው ቀጫጭን ክሮች ነው፤ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ እየተጓዘ።

ባላንጣ ግን አላጣሽም። በመልቲፕል ስክሌሮሲስ የሰውነት መከላከያ ራሱ ይነሣብሻል፤ ክሩ ሳይበጠስ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ዓይን ይፈዝዛል፣ እግር አልታዘዝም ይላል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ደግሞ አንቺን በምትጠመጥመው የሽዋን ህዋስ ውስጥ ገብቶ ይሰፍራል፤ እጅና እግር የሚደነዝዙትም ነርቭ በዚህ ሲጎዳ ነው።

እንግዲህ ውዳሴ ያለ ልመና አይፈጸምምና፣ አንባቢ ሆይ፣ ከሰውነትዎ ላይ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሲነኩትም የማይሰማ ቦታ ካገኙ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገዩ ግን የሞተው ነርቭ አይመለስም።